አልከፈት ያለው በር

መቼም እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ተንሸራታች በር ሲባል ትዝ የሚለን የሚኒባስ ታክሲ ነው። እሱን ደግሞ ረዳቱ ያውቅበታል፤ አንዴ መንጨቅ፣ አንዴ በጉልበት መግጨት። ባለፈው ግንቦት አርባ ምንጭ ወርደን፣ አባያ ሐይቅ መሀል፣ የአንዲት ሞተር ጀልባ በር አልከፈት ሲለን ያደረግነውም ይህንኑ ነው። ነጨቅን። ገጨን። እጀታው ተነቅሎ እጃችን ላይ ቀረ።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ስድስት ነበርን፤ ከነጂው ጋር ሰባት። አርባ ምንጭ የደረሰ እንግዳ ጀልባ የሚሳፈረው አብዛኛውን ጊዜ ጫሞ ላይ ነው፤ አዞና ጉማሬ ለማየት። እኛ ግን ከሰው ልንለይ ብለን አባያን መረጥን። ሁለቱን ሐይቆች የሚለያቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ከፍታ ብቻ ነው፤ መልካቸው ግን የጎረቤት አይመስልም። ጫሞ ሰማያዊ ሲሆን አባያ ወተት የበዛበት ሻይ ነው። ቢላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላና እና ሀሬ ከየደጋው ጠርገው የሚያወርዱት አፈር ነው እንዲህ ያቀላው። (ጣሊያናዊው ቦቴጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የንግሥቱን ስም አውጥቶለት «ማርጌሪታ» ብሎት ነበር። ሐይቁ ግን አባያ ሆኖ ቀረ።)

ጀልባዋ ከኋላዋ በእንጨት የተሠራች ትንሽ ክፍል አለቻት። በሩ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ እንዲያ ባለ ጠባብ ቦታ በማጠፊያ የሚዞር በር የሰው ጉልበት ይመታል። የፈረንጆቹ ባለሸራ ጀልባዎችም ውስጥ እንዲህ ያለ በር የሚገባው ለዚሁ ነው። ስንነሳ ነጂው በአገጩ እያመለከተ «የነፍስ አድን ጃኬቶቹ እዚያ ናቸው» አለን። ማናችንም «እስቲ አምጣው» አላልንም። ለምን? አፍረን ነዋ! አንዱ ለብሶ ሌላው ባይለብስ ፈሪው ማን እንደሆነ በፎቶው ይታወቃላ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። አባያ ስፋቱ ከ1,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ13 ሜትር ብዙም አያልፍም ይባላል። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ይሆናል። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ያኔ ጃኬቶቹ ትዝ አሉን። ከስድስታችን ዋና የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተማረው ሶደሬ ነው። የሶደሬ ገንዳ ውስጥ ደግሞ አዞ የለም።

በሩ ንቅንቅ አላለም። ነጂው የነዳጁን ቱቦ ነቅሎ በአፉ እየነፋ ሳለ፣ እኛ አንዱን ጣውላ ሦስት ሆነን እንጎትታለን፤ ከመሀላችን የሚጸልይም ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሳ። እስከ ዳር ድረስ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም።

እጀታውን የሰበርን እኛ ነንና ማሠራቱም የኛ ሆነ። በማግስቱ ነጂው ከሲቀላ አንድ ሽማግሌ አናጢ ይዞ መጣ።

«አባባ፣ ሰብረን ብናወጣውስ?» አልናቸው።

«ምን አደረጋችሁ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

በሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ በምስማር ጫፍ የታችኛውን ቦይ ቆረቆሩ፤ ቀይ ደለል እንደ ጡብ ደርቆበታል። ቀጥለው ያሳዩን ግን ዋናው ነገር ነበር፤ ጣውላዎቹ የተጋጠሙት አግድም ነው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ በጎኑ ይወፍራል እንጂ ቁመቱ እምብዛም አይረዝምም። ጣውላው ቢቆም ኖሮ በሩ ወደ ጎን ነበር የሚሰፋው፤ አግድም ስለተኛ ወደ ላይና ወደ ታች አብጦ በሁለቱ ቦዮች መሀል ተቀርቅሯል። ፊቱ ቀለም ተቀብቷል፤ ጠርዙ ግን ባዶውን ነው። «በዚህ በኩል ነው የጠጣው» አሉን። ግንቦት ደግሞ የአርባ ምንጭ ዝናብ ነው።

እኛ ስንታገል የዋልነውን እሳቸው በካቻቢቴ ፈቱት። ላይኛውን ቦይ የያዙትን አራት ብሎኖች አወጡና በሩን እንደ መጽሐፍ አንስተው ለነጂው ሰጡት። ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጠው አስጠነቀቁት፤ ይጣመማል። ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ሰነበተ። ከዚያ ከላይና ከታች የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል በመላጊያ ላጉለት፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፤ ጠርዙን ቀለም አጠጡት። የታችኛውን ቦይ አንድ ጫፍ ደግሞ ውሃና ደለል እንዲወጣበት በመሮ ከፈቱት። ቀለሙ ሲደርቅ ቦዩን ሻማ ቀቡት። አሁን በሩ በአንድ ጣት ይሄዳል። ነጂው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እየከፈተ ያሳይ ነበር።

በሩ የወጣ ዕለት ግን ማንም አልሳቀም። ውስጥ የነበሩት አራት ጃኬቶች ናቸው፤ አንዱን አይጥ በልቶታል። ለሰባት ሰው ሦስት።

«ስንት ጊዜህ ነው ሳትከፍተው?» አልነው።

«ፈረንጅ ሲመጣ ነው የምከፍተው። ያገሬ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም» አለ።

ምን እንበለው? እኛም አልጠየቅነው።

ከመመለሳችን በፊት እንደገና ወጣን። ሁለት ሁለት እየሆንን፣ ሦስተኛውን ነጂው ለብሶት፣ ሦስት ዙር። ጃኬቱ አፍኖት ይሁን ሦስቱ ዙር በዝቶበት እንጃ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ እንዳጉረመረመ ነው።

«ነዳጁ በናንተ ነው!»