ክሎዝ የሚለው መስመር

እኔ ጋ ዌብ ዴቨሎፕመንት የተማራችሁ ልጆች፣ ይሄን ሳታነቡ አትለፉ።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ለአንድ ትምህርት ቤት የውጤት ካርድ በፒዲኤፍ የሚያወጣ ሲስተም ሠርታለች። ላምዳ ላይ ሄድለስ ክሮም ይነሳል፣ ገጹን ይከፍታል፣ ፒዲኤፉን ያወጣል። መጀመሪያ አማርኛው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነበር የወጣው፤ እዚያ የግዕዝ ፎንት ስለሌለ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከኮዱ ጋር ስትጭነው ተስተካከለ። እሱ ቀላሉ ነው።

ካርዱ ለወላጆች ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ሲስተሙ መውደቅ ጀመረ። የተወሰነ ካርድ በትክክል ያወጣና «ሪሶርስ ቴምፖራሪሊ አንአቬይለብል» ብሎ ክሮም አልነሳም ይላል። ላፕቶፗ ላይ ግን ይሠራል። ደወለችልኝ። እኔም እንደ አዋቂ «ሜሞሪ ጨምሪ» አልኳት። ከ1024 ወደ 3008 ሜጋባይት አደረገችው። ያው ነው፤ ሂሳቡ ብቻ ጨመረ። እንደ አዲስ ዲፕሎይ ስታደርገው ይድናል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለስበታል። መንቃት የነበረብኝ እዚህ ጋ ነበር። እኔ ግን ቆጣ ብዬ «የሆነ ቦታ ተዝረክርከሻል፣ ኮዱን ላኪው» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላምዳ አንድ ጥሪ ሲያልቅ ኤንቫይሮንመንቱን ወዲያው አያጠፋውም። ባለበት ያቆመውና ለቀጣዩ ጥሪ ያንኑ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ሳይዘጋ የቀረ ክሮም ካለ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል ማለት ነው። አንድ ኤንቫይሮንመንት ውስጥ ደግሞ ፕሮሰስና ትሬድ ተደምሮ ከ1024 ማለፍ አይችልም፤ ሜሞሪው 128 ይሁን 10240 ሜጋባይት ቁጥሩ አይለወጥም። ክሮም እንደሆነ ብቻውን አይመጣም፤ የገጹ፣ የግራፊክሱ እያለ ፕሮሰሶቹን ሁሉ አስከትሎ ነው የሚነሳው፣ እያንዳንዱም የራሱ ትሬዶች አሉት።

በየጥሪው መጀመሪያ ፕሮክ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፕሮሰሶች ቆጥራ ሎግ ላይ እንድታወጣ ነገርኳት። ቁጥሩ እያደገ ይሄዳል። የአንዳንድ ተማሪ ፎቶ ይዘገያል፣ ገጹ ታይምአውት ያደርጋል፣ ኤረር ይወረወራል፣ ከታች ያለው ክሎዝ የሚለው መስመር ሳይደረስበት ይቀራል።

«ለምንድን ነው ፋይናሊ ውስጥ ያላስገባሽው?»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ቲቸር፣ ይሄን እኮ ከእርስዎ ስላይድ ላይ ነው የወሰድኩት።»

ስላይዱን ከፈትኩት። እውነቷን ነው። ክሎዝ መጨረሻ ላይ ብቻውን ቆሟል። ክፍል ውስጥ ሳሳየው ገጹ ሁልጊዜ ስለሚከፈት አንድም ቀን ወድቆብኝ አያውቅም። ፊቴን የት ላድርገው? ደግነቱ ስልክ ነው።

ለየካርዱ ክሮም ማስነሳቱን ተውነው። አንድ ክሮም ይያዛል፤ ፋይናሊ ውስጥ የሚዘጋው ገጹ ነው። ክሮሙ ራሱ መልስ መስጠት ካቆመ ይገደልና ኮዱ ራሱን ያቋርጣል፣ ቀጣዩ ጥሪ በንጹህ ይጀምራል። «ሲንግል ፕሮሰስ የሚለውን ፍላግ ጨምሩ» የሚል ምክርም ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ቁጥሩን ይቀንሳል እንጂ ያልተዘጋውን አይዘጋላችሁም።

ካርዶቹ በዋዜማው ማታ አለቁ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ያ ስላይድ ያላችሁ ሁሉ ኮዳችሁን ዛሬውኑ እዩት፤ የተስተካከለውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።