21ኛዋ ምልክት

በዚህ ጽሑፍ ጓደኛዬን "እሳቸው" እያልኩ ነው የምጠራው። እኩዮች ነን፤ ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎካችን በር ላይ ሰኞ ማክሰኞ አብረን ተጫውተናል። ነገሩ የማክበር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አማርኛ "መጣ" ወይ "መጣች" ካላልክ አላሳልፍህም ይላል፤ ፆታ የማይጠይቀው "መጡ" ነው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን ከቤተሰባቸው ጋር ካናዳ ሄዱ። ካናዳ ውስጥ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፓስፖርት ላይ ከወንድና ከሴት ሌላ "ኤክስ" ማሳተም ይቻላል። የእሳቸው ኤክስ ነው። ባለፈው ክረምት ጀሞ ያሉት አያታቸው ታመሙ። ሌሊት ላይ በቴሌግራም ስክሪንሾት ላኩልኝ፤ የቲኬት መቁረጫ ፎርም። "ወንድ"፣ "ሴት"፣ ከጎኑ የግድ ሙላ የምትለዋ ቀይ ኮከብ። "የቱን ልምረጥ?"

አፈርኩ። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፤ ለአንድ የጉዞ ወኪል ልክ እንደዚያ ያለ ፎርም ሠርቻለሁ። ሁለት ክብ፣ አንዱን ካልነካህ አታልፍም። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ አላሰብኩበትምም።

ያን ሌሊት ማሽን ፓስፖርትን እንዴት እንደሚያነብ ሳጠና አደርኩ። ከፎቶው ገጽ ግርጌ ሁለት መስመር አለ፤ እያንዳንዱ 44 ምልክት። ፆታ ሁለተኛው መስመር ላይ 21ኛዋ ናት። ኤክስ ከሆነ እዚያ ቦታ "<" ይገባል፤ ባዶ ቦታ የሚሞላበት ምልክት ራሱ። የፓስፖርቱ ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ ማብቂያው ቀን ሁሉም በስሌት ይመሳከራሉ። 21ኛዋ ግን የትኛውም ስሌት ውስጥ የለችም። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበርም መንገደኛ በሚመዘገብበት ስታንዳርድ ላይ ኤክስን ከ2019 ጀምሮ ያውቀዋል። በሩን የዘጋው እንግዲህ እንደ እኔ ያለ ፎርም ሠሪ ነው።

ጓደኛዬ ድሮ የተመዘገቡበትን መርጠው ቆረጡ። መሸጋገሪያ ላይ "ቲኬቱና ፓስፖርቱ አይገጥምም" ተብለው አንድ ሰዓት ቆሙ። እኔ ቦሌ ውጭ ቆሜ የማስበው ሌላ ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይቀጣል። ስለ ፓስፖርት ፊደል አንዲት ቃል የለውም፤ ሰው ግን ከአንዲት ፊደል ብዙ ነገር ያነባል።

ወጡ።

"እህስ?"

"ገጹን ሁለቴ አየው። ከዛ 'የት ነው የሚያርፉት?' አለኝ። ጀሞ አልኩት። ማህተሙን መታልኝ።"

ታክሲ ውስጥ "የሚያርፉት" የምትለዋን ደጋግመው አሏት። ለማንም እንግዳ የምትባል ተራ ቃል ናት።

ቤት ስንደርስ አያታቸው ከአልጋቸው ሆነው በድሮ ስማቸው ጠሯቸው። ጓደኛዬ "አቤት" ብለው ጉልበት ሳሙ። ስለ ፊደሏ ማንም አላነሳም። ይነግሯቸው እንደሆነም አልጠየቅኩም።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ፎርሙ ላይ ሦስተኛ ክብ ጨመርኩ። አለቃዬ አየና "ለስንት ሰው ብለህ ነው? ጣጣ ታመጣብናለህ" ብሎ አስወጣው።

"ቀይዋን ኮከብስ ላንሳት?" አልኩት።

ትንሽ አሰበና "እሷስ ትነሳ" አለ።

አሁን ሳይመርጡ ማለፍ ይቻላል። ባዶ ከተተወ "ያልተገለጸ" ተብሎ ይላካል፤ ስታንዳርዱ እሱንም ይቀበላል። ለጓደኛዬ ደውዬ ነገርኳቸው። "አያቴ እስከ ፋሲካ ከቆዩልኝ በእሱ ቆርጬ እመጣለሁ" አሉኝ።