ከአራራት ግርጌ እስከ ኖራቫንክ ሸለቆ

በቤተ ክርስቲያናችን ጥላ ሥር ያደገ ሰው አርማንያ የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ስንክሳሩ ጎርጎርዮስ ዘአርማንያን ያነሣል፤ የቅድስት አርሴማ ገድል ሲነበብ ሰማዕትነቷ በአርማንያ ምድር በንጉሡ በድርጣድስ እጅ እንደ ተፈጸመ እንሰማለን፤ አባታችን ኤዎስጣቴዎስም ከአገራቸው ወጥተው ግብፅን፣ ኢየሩሳሌምንና ቆጵሮስን አልፈው በ1352 ዓ.ም. ያረፉት በአርማንያ ነው። ይሁን እንጂ ስሙን እየሰማን ብንኖርም፣ ምድሩ ምን እንደሚመስል፣ ወንዙ በየት እንደሚወርድ፣ ሕዝቡም ምን ተክሎ ምን እንደሚለቅም የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ የወይኑ ለቀማ በሚጀመርበት በመስከረም ወር፣ ከዋናው ከተማ ከየሬቫን ተነሥቼ በአስጎብኚ መሪነት ያደረግሁትን የአንድ ቀን ጉዞ ለአንባቢያን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከጧቱ በሦስት ሰዓት ከልዩ ልዩ አገር የመጣን አሥራ ሁለት መንገደኞች በአንዲት አነስተኛ አውቶቡስ ተሳፈርን። አስጎብኚያችን ዕድሜዋ ከሠላሳ የማይበልጥ፣ የአገሯን ታሪክ አጥርታ የምታውቅ ወጣት ነበረች። መንገዱ ወደ ደቡብ በአራራት ሜዳ ላይ ይዘረጋል። በግራና በቀኝ የወይን ተክል ይታያል፤ ፍሬው ገና በሐረጉ ላይ ነበር። አስጎብኚያችን እንደ ነገረችን፣ በዚህ ሜዳ የክረምቱ ብርድ እጅግ የበረታ ስለ ሆነ ገበሬዎች በመከር ማብቂያ የወይኑን ግንድ አጎንብሰው በአፈር ይቀብሩታል፤ በጸደይ ደግሞ አፈሩን ገልጠው ያነሡታል። የተቀበረው ግንድ እንደ ገና ለምልሞ ያፈራል። ይህን ነገር በልቤ ያዝሁት፤ ቀኑን ሙሉም አልተለየኝም።

አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ወደ መጀመሪያው ማረፊያችን ወደ ሖር ቪራፕ ደረስን። ቃሉ በአርመንኛ «ጥልቅ ጉድጓድ» ማለት ነው። በአርመኖች ትውፊት መሠረት ቅዱስ ጎርጎርዮስ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል የታሰረው በዚህ ጉድጓድ ነው፤ አንዲት መበለትም በየቀኑ እንጀራ እየጣለችለት በሕይወት አቆየችው። በኋላም ቅዱሱ ወጥቶ ንጉሡን ከደዌው ፈወሰው፤ በ301 ዓ.ም. መንግሥቱ ክርስትናን ተቀበለ ይላሉ። በስፍራው መጀመሪያ ቤተ ጸሎት የታነጸው በ642 ሲሆን፣ አሁን የሚታየው ትልቁ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የ17ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። ከጎኑ ካለችው ትንሽ ቤተ ጸሎት ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ ቀጥ ባለ የብረት መሰላል ስድስት ሜትር ያህል ወደ ታች ይወረዳል። እኔም ወረድሁ። ከታች አየሩ ይከብዳል፤ ድንጋዩ ከጧፍ ጢስ የተነሣ ጠቁሯል። በዚያ ጥቂት ደቂቃ መቆም የከበደን ሰዎች አሥራ ሦስት ዓመት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመናገር ድፍረት አላገኘንም፤ ሁሉም በዝምታ ወጣ።

ከቅጥሩ ውጭ ሲቆሙ 5,137 ሜትር ከፍታ ያለው የአራራት ተራራ በረዶውን ለብሶ ፊት ለፊት ይታያል። እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል፤ ነገር ግን ተራራው ያለው በቱርክ አገር ነው፤ ድንበሩም ከ1993 ጀምሮ ተዘግቷል። አስጎብኚያችን የቅድመ አያቷ ቤተሰብ በ1915 በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት አምልጦ ከዚያ ማዶ እንደ መጣ በአጭሩ ተናገረች። እኔም በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አግኝተው ወደ አዲስ አበባ እንዳመጧቸው፣ «አርባ ልጆች» ተብለው የነጋሪትና የመለከት ጓድ እንደ ሆኑ፣ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፍጻሜ ድረስ የተዘመረውን የሕዝብ መዝሙራችንን ዜማ እንደ ደረሰ ነገርኋት። እርሷም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «መምህር፣ ይህን ለሁሉም ይንገሩልኝ» ብላ ማጉሊያውን ሰጠችኝ። እንግዳ ሆኜ በመጣሁበት አገር የአገሬን በጎ ሥራ ስመሰክር፣ ሰው የሚያደርገው ደግነት መቶ ዓመት ቆይቶም ቢሆን እንደሚገኝ ተረዳሁ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በይራስክ ዘንድ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ ወደ ናኽቺቫን የሚያልፈው አሮጌው የባቡር ሐዲድ በጠቡ ምክንያት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አይሠራም። ደረቁን ተራራ ወጥተን ስንወርድ የአርፓ ወንዝ ሸለቆ ተከፈተልን፤ የአሬኒ መንደርም ታየን። በመንገዱ ዳር ሴቶች የወይን ዘለላና የቤት ወይን ጠጅ ይሸጣሉ፤ ጠጁን የሚሞሉት በለስላሳ መጠጥ ባዶ ጠርሙስ ነው። የአገሩ ወይን ስሙ እንደ መንደሩ አሬኒ ይባላል፤ ልጡ ወፍራም፣ መልኩም ጥቁር ነው።

ከወንዙ ዳር ባለው ገደል ውስጥ አሬኒ አንድ የሚባል ዋሻ አለ። ከ2007 ጀምሮ የአርኬኦሎጂ ሊቃውንት ቆፍረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 4,000 ዓመት ገደማ የነበረ የወይን መጥመቂያ አገኙ፤ ግኝቱም በ2011 ለዓለም ተገለጠ። ወይኑ በእግር የሚረገጥበት በጭቃ የተለሰነ መደብ አለ፤ መደቡ ዘንበል ያለ ስለ ሆነ ጭማቂው 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ወዳለው ጉድጓድ ይወርዳል። በዙሪያውም የእኛን ጋን የሚመስሉ ሸክላዎች፣ የወይን ፍሬና የደረቀ ግፋፊ ተገኝተዋል። በጎረቤት አገር በጆርጂያ ከዚህ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የወይን ጠጅ ቅሪት በሸክላ ላይ ቢገኝም፣ እንደዚህ መርገጫውና ማጠራቀሚያው አንድ ላይ የተገኘበት እጅግ አሮጌው መጥመቂያ ይህ ነው። በዚሁ ዋሻ 5,500 ዓመት ያህል የሆነው ከአንድ ቁራጭ የላም ቆዳ የተሠራ፣ ማሰሪያው እንኳ ያልጠፋ አንድ ጫማ ተገኝቷል፤ ውስጡ ሣር ተሞልቶበት ነበር። የዋሻው ድርቀትና በላዩ የተከመረው የበግ ፋንድያ ጠብቀው አቆይተውታል።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ገባን። በየተራ ልዩ ልዩ ዓይነት ይቀዳል፤ ጎብኚው ቀምሶ ይፈርዳል። እኔ አንዲት ብርጭቆ ቀምሼ ተውሁት። ከመካከላችን አንድ ደስ የሚል ጨዋታ ያለው ወጣት ግን የቀረበለትን ሁሉ ጨረሰ፤ የጎረቤቱንም አልማረም። እኔም አስጎብኚያችንን ወደ ጎን ጠርቼ፣ «እኅቴ፣ ገዳሙ ከመጠጡ በፊት ቢሆን አይሻልም ነበርን?» ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም ፈገግ ብላ፣ «ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው ገደሉ የሚያምረው፤ ስለዚህ መጨረሻ እናደርገዋለን» አለችኝ። ምክንያቷ እውነት መሆኑን ኋላ በዓይኔ አየሁ።

ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ወደ አማጉ ወንዝ ሸለቆ ገባን። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተሻገረ ሰው ሸለቆን ከላይ ወደ ታች ማየት ለምዷል፤ ይህ ግን ከታች የሚገባበት ነው። ሁለቱ ገደሎች እንደ ቅጥር ቆመው መንገዱንና ወንዙን ብቻ ያሳልፋሉ፤ ሰማዩ ከላይ እንደ መቀነት ጠቦ ይታያል። በየጥምዝምዙ ድንጋዩ እየቀላ ይሄዳል፤ በፀሐይ ማዘቅዘቂያም እንደ ፍም ይሆናል። በመጨረሻም ሸለቆው ሰፋ ሲል፣ ከገደሉ ደረት ላይ ኖራቫንክ፣ ትርጓሜውም «አዲስ ገዳም»፣ ይገለጣል።

ገዳሙ በ1205 በጳጳሱ በሆቭሐንስ ተመሠረተ፤ የኦርቤልያን መሳፍንትም አሳደጉት። የሲዩኒክን ታሪክ የጻፈው ጳጳስ ስቴፋኖስ ኦርቤልያን የተቀበረው በዚህ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በ1339 የተፈጸመው ባለ ሁለት ደርብ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ያሠራው መስፍኑ ቡርቴል፣ የሠራውም ሞሚክ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ፣ ሥዕለ መጽሐፍ ሣይና አናጺ ነበር። ከታችኛው በር በላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል በግራና በቀኝ ቆመው ተቀርጸዋል፤ በየቤታችን ግድግዳ የምናየው ሥዕል ነውና ዓይኔ ወዲያው ለመደው። ከላይኛው በር በላይ ደግሞ ጌታችን በጴጥሮስና በጳውሎስ መካከል አለ።

የታችኛው ደርብ መቃብር፣ የላይኛው ቤተ ጸሎት ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ከግድግዳው ላይ የወጡ ጠባብ ድንጋዮች እንጂ ሌላ አይደለም፤ መደገፊያም የለውም። ጫማ በሙሉ አያርፍበትም፤ ሰው እጁን ድንጋዩ ላይ ጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እየተጠነቀቀ ይወጣል። ወደ ጸሎት ቤት ለመግባት በሙታን ራስ ላይ ማለፍና አንገትን ዝቅ ማድረግ ግድ ነው። ያ ወጣት ግን ይህን ሁሉ አላየም። አውቶቡሱ ሲቆም ከእንቅልፉ ሊነቃ አልቻለም፤ ሸለቆውን በመስኮት እንኳ ሳያይ መጣ፣ ሳያይም ተመለሰ። ከሩቅ አገር ገንዘብና ጊዜ አውጥቶ የመጣበት ነገር በሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ቀረበት።

አንባቢ ሆይ፣ ወይን ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ከመርከብ ወጥቶ ወይን የተከለው ኖኅ የወረደው በዚሁ በአራራት አገር ተራራ ነው፤ የተከለው በረከት እንዴት እንደ ጣለውም መጽሐፍ አልሸሸገውም። አርመኖችም ይህን ያውቁታል። በዓለ ፍልሰታን በሚያከብሩበት በነሐሴ እሑድ ካህኑ የወይኑን ዘለላ በቤተ ክርስቲያን ይባርካል፤ እንደ ልማዱ ከዚያ በፊት ከአዲሱ ፍሬ አይቀመስም። እኛ ለቅዱስ ቁርባን ዘቢቡን በውኃ ዘፍዝፈን እንጨምቃለን፤ እነርሱ ያልተቀላቀለ ወይን ያቀርባሉ፤ ሥርዓቱ ቢለያይም ሃይማኖታችን አንድ ነው። የስድስት ሺህ ዓመቱ ሙያ በመንግሥታት መለዋወጥ መካከል ያልጠፋው፣ ለጠጪ ደስታ ብቻ ሳይሆን ለመሠዊያም ስለሚያስፈልግ ጭምር ይመስለኛል። ከመጠጥ ቤቱ አስቀድሞ ቤተ መቅደስ የባረከው ነገር ልክ ያገኛል፤ በየቤታችንም ጠላውና ጠጁ ሲጠመቅ እናቶች ልጆቻቸውን ሊያስተምሩት የሚገባው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

ደግሞም የእኛ ገዳማት ዛሬ የብዙ አገር ጎብኚዎች መንገድ ሆነዋል። ጎብኚ መምጣቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አስተናጋጁ የቦታውን ክብር ካላወቀ እንግዳው ከየት ያውቀዋል? በኖራቫንክ አስጎብኚያችን ገና በሩ ላይ ሳለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በመስቀል ምልክት አማተበች፤ ሌላ ማሳሰቢያ አልተናገረችም፤ አሥራ አንዳችንም ዝም ብለን ገባን።

ወደዚያ መሄድ የሚቻላቸው፣ በተለይም በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ይህን መንገድ ቢያዩት ይጠቀማሉ። መሄድ የማይቻላቸውም መስከረም 29 ቀን የቅድስት አርሴማ ገድል ሲነበብ፣ የተጠቀሰው ምድር በክረምት ወይኑን በአፈር የሚቀብር፣ በጸደይ የሚያነሣ፣ ጉድጓድ የወረደውንም ቅዱስ እስከ ዛሬ የሚያስብ ሕዝብ አገር መሆኑን ለልጆቻቸው ቢነግሩ፣ ገድሉ በልጆቹ ልብ ሥር ይሰዳል። የሰማዕታቱ በረከት በሁላችን ቤት ይደር።