የሚያዝያ ካርታ

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሄድኩ ቁጥር መርሳ ላይ እወርዳለሁ። የእናቴ ወንድም ሀብሩ ውስጥ ያርሳሉ፤ እሳቸውን ሳልጠይቅ ማለፍ አይሆንልኝም። ዋናው መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ የከባድ መኪና ጥሩምባና የማንጎ ሻጮች ጥሪ አንድ ላይ ይሰማል። ባለፈው ሚያዝያ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አጠገቤ አራት ወጣቶች ኮንከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። የተሸነፈ ሻይ ይከፍላል፤ ሌላ ውርርድ የለም።

ዓይኔ አንደኛው ልጅ እጅ ላይ አረፈ። ካርታውን ዘርግቶ ይዞ፣ ሊጥል ያሰበውን በአውራ ጣቱ ከሌሎቹ ከፍ አደረገ። ከዚያ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ጓደኛውን አየት አድርጎ መልሶ ዝቅ አደረገው። ያ ጓደኛው ትንሽ ቀደም ብሎ ምን ካርታ እንዳነሣ እያስታወሰ ነበር። በመጨረሻ ያንን ትቶ ለራሱ የሚጠቅመውን ጣለ። እጁን አጎደለ፤ የባላጋራውን ግን አላሟላለትም። ቀጥሎ ራሱ ስቦ ያወጣው ካርታ የጣለውን የሚፈልግ ሆኖ ተገኘ፤ ያን ዙር ተበላ። ጓደኞቹ ሳቁበት። በአማርኛችን በቁማር የተሸነፈ «ተበላ» ይባላል፤ ያሸነፈም «በላ»። ቃሉ ጨዋታውን ከምግብና ከረሃብ አጠገብ አስቀምጦታል፤ ይህን ነገር በኋላ አጎቴ ማሳ ላይ ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

እኔ ልጁ ልክ ነበር ባይ ነኝ። ውሳኔው የሚመዘነው ካርታው ከመገለጡ በፊት ያውቅ በነበረው ነገር ነው፤ ከተገለጠ በኋላማ ሁሉም አዋቂ ነው።

ፖከር በቁም ነገር የሚጫወቱ ሰዎች መጀመሪያ የሚማሩት ይህንኑ ነው። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ዓይነት እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ለብቻው ይይዛል፤ አምስት ደግሞ ለሁሉም የሚያገለግሉ ጠረጴዛ ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ መጨረሻ ላይ አንድ። በየመሃሉ ውርርድ አለ። እዚያ ላይ የሚጠየቀው ዕድሌ ለምከፍለው ዋጋ ይበቃል ወይ ነው። መሃል ላይ 100 ብር አለ እንበል፤ ባላጋራዬ 50 ጨመረ። እኔም 50 ብከፍል ጠቅላላው 200 ይሆናል፤ ስለዚህ ከአራት አንዴ ካሸነፍኩ አልከሰርኩም። አሁን አምስት ባለ አንድ ምልክት ካርታ ለመሙላት አንድ ቀርቶኛል፣ የሚገለጠውም አንድ ብቻ ነው። ካላየኋቸው 46 ካርታዎች የሚያድኑኝ 9 ናቸው፤ ከአምስት አንዴ ገደማ። ከሞላልኝ በኋላ ተጨማሪ የማስከፍለው ከሌለ ዋጋው አይበቃም፤ እጥላለሁ። ከጣልኩ በኋላ የፈለግኋት ካርታ ብትመጣ ያንገበግባል፤ መጣሌን ግን ስህተት አያደርገውም።

ውድድር ሲሆን ነገሩ ይጠብቃል። ሁሉም እኩል ከፍሎ እኩል ቺፕ፣ ማለትም የመወራረጃ ጠጠር፣ ይዞ ይቀመጣል፤ ያለቀበት ተነሥቶ ይሄዳል። የመጨረሻው ሰው ቺፑን ሁሉ ይሰበስባል እንጂ ሽልማቱን ሁሉ አይወስድም፤ ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም ድርሻ አለ። ስለዚህ ቺፕ እጥፍ ቢሆን ሀብት እጥፍ አይሆንም፤ ቺፕ ካለቀ ግን ከእንግዲህ የሚጠበቅ ነገር የለም። የምታገኘው አንድ ቺፕ ከምታጣው አንድ ቺፕ ያነሰ ዋጋ አለው ማለት ነው። እጅን አጣጥፎ መቀመጥም አያዋጣም፤ ካርታ ሳይታይ በየተራ የሚከፈል መዋጮ አለ፣ ብላይንድ ይሉታል፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ይጨምራል።

ባጃጁ መጣና ሄድኩ። አጎቴን ማሳቸው ላይ ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። መሬቱን በመቆፈሪያ ስንዝር ያህል ቆፍረዋል። ከሥር ያወጡትን አፈር ጨበጡና መዳፋቸውን ከፈቱት። አፈሩ አልተያያዘም፤ በጣቶቻቸው መሃል ፈሰሰ።

«ጋሼ፣ መቼ ሊዘሩ ነው?» አልኳቸው።

«የቅዳሜው ዝናብ ላዩን ነው ያረጠበው። እሱን አምኜ ብዘራ በቅሎ ይደርቅብኛል። አንድ ሌላ ልይ።»

«ባይመጣስ?»

«ባይመጣማ የሚያዝያው ማሽላ ቀረ። ሰኔ ሲያልቅ አጭሩን እዘራለሁ። እሱ ካልሆነ ሐምሌ ጤፍ አለ። ጤፉም ካልሆነልኝ፣ መስከረም ላይ በተረፈው እርጥበት ሽምብራ።»

እንዲህ ነው የሚታሰበው። ጅጉርቲና ደጋሌት የመሳሰሉት የአገሬው ማሽላዎች ሚያዝያ ላይ ተዘርተው ኅዳር አካባቢ ይደርሳሉ፤ እህላቸው ብዙ ነው፣ አገዳቸውም ለከብት ቀለብ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ይሆናል። ሁሉም ሰው ቢሆንለት የሚመኘው እነሱን ነው። ነገር ግን ገና ሦስቱ ካርታዎች እንኳን ሳይገለጡ የሚገባበት ትልቅ ውርርድ ናቸው። አንድ የበልግ ዝናብ በቀረ ቁጥር ምርጫው ይጠባል፤ የቀሩትም ምርታቸው ያንሳል። ቀኑ ራሱ ብላይንዱን ያስከፍላል። አጎቴ ፖከር የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ አራቱን ውርርድ ግን በአንድ ትንፋሽ ቆጠሩልኝ።

ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ስሪንቃ አለች። ስሟን ብዙ ሰው የሚያውቀው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ማዕከሉ ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች መካከል «የጁ»፣ «ብርሃን» እና «ግራና-1» ይገኛሉ። የጁ የአካባቢው የድሮ ስም ነው፤ ግራና እዚሁ ሀብሩ ያለች ቦታ ናት። ብርሃን አቀንጭራን ይቋቋማል። አቀንጭራን ላላየ ሰው፦ ውብ ሐምራዊ አበባ አላት፤ ከመሬት በታች ግን የማሽላውን ሥር ይዛ ትመጠዋለች። አቀንጭራን ከሚቋቋሙት ውስጥ ከወልዲያ በስተሰሜን ባለችው ከተማ ስም የሚጠራው «ጎቢዬ» እና «አብሽር» ከፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ሥራ የተገኙ ናቸው። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። አብሽር የሚለው ስም ደስ ይለኛል። ወሎ ውስጥ ልቡ ለከፋው ሰው የሚባል ቃል ነውና ዘሩ ራሱ ገበሬውን የሚያጽናና ይመስለኛል።

አጎቴ ከእነዚህ አጫጭር ዝርያዎች አንዱን ያውቁታል፣ ያምኑበታልም። የሚዘሩት ግን በማሳቸው አንድ ጥግ ላይ ነው። «ለምን ሁሉንም አይሸፍኑትም?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። ከተማ ውስጥ ይህን ዓይነቱን ገበሬ «ለውጥ የማይወድ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። የአጎቴን ጥንቃቄ ሒሳብም ይደግፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ጆን ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት፣ ዕድሉ ወደ አንተ ባጋደለ ውርርድ ላይ እንኳ ካለህ ምን ያህሉን ልታስይዝ እንደሚገባ አሰላ። እኩል በእኩል በሚከፍል ጨዋታ ከመቶ 60 የምታሸንፍ ብትሆን፣ በእያንዳንዱ ዙር ማስያዝ ያለብህ ካለህ አንድ አምስተኛውን ነው። ከመቶ 60 እያሸነፍክ ሁልጊዜ ሁሉንም ብታስይዝ፣ አንድ ቀን መጨረስህ አይቀርም። አጎቴ በማሳቸው ጥግ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዘሩ ጥሩ መሆኑን አምነውም ቤታቸውን ሁሉ አላስያዙበትም።

ሰማይና ፖከር የሚለያዩበት አንድ ነገር አለ። ሰማይ አንተን አያነብህም፤ የቅዳሜው ዝናብ አጎቴን ሊያታልል ብሎ አልዘነበም። ፖከር ላይ ግን ባዶ እጅ የያዘ ሰው እንደሞላለት ሆኖ ይገፋብሃል። ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ ማስመሰል ራሱ በሒሳብ ተለክቶ የሚደረግ የጨዋታው አካል እንደሆነ አሳይተዋል። ሀብሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ባላጋራ የሚገኘው ገበያ ላይ ነው። ወልዲያ እህል ተራ አንድ ረፋድ ቆሜ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። አንድ ሰው ግማሽ ኩንታል ማሾ ይዞ መጥቷል። ነጋዴው እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ ዘገነ፣ አየ፣ መለሰው፤ አንድ ዋጋ ጠርቶ ጀርባውን ሰጠ። ገበሬው ዕዳ እንዳለበት፣ ጆንያውን ተሸክሞ መመለስ እንደማይችል ነጋዴው ያውቃል። ቺፕ የሞላለት ተጫዋች ቺፕ ያነሰውን የሚያስጨንቀው እንዲህ ነው። እጁ ጥሩ መሆን አያስፈልገውም፤ ቢሸነፍ እሱ ይቀጥላል፣ ያኛው ይወጣል፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ገበሬው ነጋዴውን ሁለት ጊዜ ጠራው። በሦስተኛው ጆንያውን አስረከበ። ዋጋ እስኪጨምር ማቆያ መጋዘንና እስከዚያ የሚያኖር ብድር ቢኖረው ኖሮ፣ ያው ሰው ያንኑ ማሾ ይዞ ሌላ ጨዋታ በተጫወተ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1982 ላስ ቬጋስ በተደረገው የዓለም ፖከር ውድድር ጃክ ስትራውስ የተባለ ተጫዋች ቺፑን ሁሉ ያስያዘ መስሎት ተሸነፈ። ሊነሣ ሲል አንዲት ቺፕ ተሸሽጋ ቀርታለት አገኘ። በእሷ ተነሥቶ ውድድሩን አሸነፈ። ተጫዋቾች እስካሁን አንድ ቺፕና አንድ ወንበር ካለህ አልተሸነፍክም ይባባላሉ። እኔ ታሪኩን ስሰማ ትዝ የሚለኝ ቺፕ ያልተረፈለት ነው። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሃብ ከየጁና ከራያ ቆላ ወጥቶ በዚሁ ዋና መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ የመጣ ነበር። ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራው አልነበረውም።

ማታ ቤት ገባን። ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ማገር ላይ፣ የተመረጡ የማሽላ ዘለላዎች ተንጠልጥለዋል። ጭሱ አጥቁሯቸዋል፤ ነቀዝ አይደፍራቸውም። አክስቴ ከሥራቸው እንጀራ እየጋገረች ነበር። ያመቱ እህል ጎተራው ሥር መድረሱን ከምጣዱ አጠገብ ከተቀመጠችው የዱቄት ቅል ተረዳሁ። አጎቴ በርጩማ ላይ ቆመው አንዱን ዘለላ አወረዱ፣ በመዳፋቸው ፈትገው ጥቂት ፍሬ አወጡ፣ በብርሃኑ አገላብጠው አዩት።

«ሁለተኛው ዝናብ ቢመጣ ይኼ ነው የሚገባው» አሉኝ።

ከዚያ ፍሬውን አንድ በአንድ ለቅመው ጨርቅ ውስጥ ቋጠሩት። አንዲት ፍሬ መሬት ወድቃ ነበር፤ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱ፣ አገኟት፣ እሷንም ከቋጠሮው ጨመሯት።