በስምሽ ይሁን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ። እናትሽ የላከችልሽ ድርቆሽ እንደደረሰሽ ነግራኛለች። ስትደዋወሉ እኔም ላዋራሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን ስልኩን ማን ለቅቆልኝ!

ከሄድሽ ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ያ ፕሮሞተር ነኝ ባይ ነው። «የዩቲዩብ ቻናሉን እኔ እከፍታለሁ፤ አንቺ ዝፈኚ ብቻ» አለሽ አሉ። ልጄ፣ «ዝፈኚ ብቻ» የሚል ሰው ያስፈራኛል። ቻናሉ የሚከፈተው በማን ኢሜይል ነው? በእሱ ከሆነ ፓስወርዱን በቀየረ ቀን ያንቺ የሚባል ነገር አይኖርም።

ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚባል አሠራር አለው። ዘፈኑን «የኔ ነው» ብሎ ያስመዘገበ ሰው ሌላው በጫነው ቪዲዮ ላይ የሚገኘውን የማስታወቂያ ገንዘብ ሳይቀር መውሰድ ይችላል። እሱ አስመዝግቦት ኋላ ብትጣሉ፣ የገዛ ዘፈንሽን በገዛ ገጽሽ ስትጭኚ ክሱ አንቺው ላይ ይመጣል።

አጎትሽ የፈረመውን ወረቀት አላነሳብሽም፤ ታውቂዋለሽ። የእሱን ካሴት እዚሁ ሱቃችን ስሸጥ እሱ ጥጉ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ያየኝ ነበር። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ነፍሱን ይማር። አንቺ ያኔ ከመደርደሪያው ሥር ትተኚ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ቴፑ ሲቆም ብቻ ነበር ነቅተሽ የምታለቅሺው። እደጊልኝ፣ ድምፅሽን ይባርክልኝ።

ዘፈንሽን ስፖቲፋይና አፕል ሚዩዚክ ላይ ለማድረስ የዚያ ፕሮሞተር እጅ አያስፈልግሽም። ዲስትሮኪድ የሚባል አከፋፋይ በዓመት ክፍያ ያደርስልሻል። ሲዲ ቤቢ አንዴ ታስከፍልና ከገቢው 9 በመቶ ትቆርጣለች። ባንድካምፕ ላይ አድማጩ በቀጥታ ካንቺ ይገዛል፤ ከዲጂታል ሽያጩ የሚወስዱት 15 በመቶ ነው። ገንዘቡ አንቺ ዘንድ በምን መንገድ እንደሚደርስ ግን አስቀድመሽ አጣሪ። ለሀገር ቤቱ አድማጭ የሰዋሰው መተግበሪያም የጥሪ ማሳመሪያም አለ፤ ይህን አንቺ ከእኔ ታውቂያለሽ።

ያ ፕሮሞተር ቪው ገዝቶ እንደሚያስገባልሽም ቃል ገብቷል። የተገዛውን ዩቲዩብ ይሰርዘዋል፤ ስፖቲፋይም የሐሰት አድማጭ ሲያገኝ አከፋፋዩን እስከ ማስከፈል ደርሷል። ይልቅ ነጠላ ዜማሽ ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን ቀደም ብለሽ በስፖቲፋይ ፎር አርቲስትስ ለፕሌይሊስት አዘጋጆቹ ላኪው። በነፃ ነው።

ሙዚቀኛውን ጋሽ ኃይሉ መርጊያን አስቢያቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የቀረጹትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ካሴት ቤት ውስጥ አገኘው። (የኛ ሱቅ በሆነ ኖሮ!) ሰውዬው ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱ እንደገና ሲታተም ዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ነበር። ዛሬ ዓለም ይሰማቸዋል። ሥራ ሃያ ስምንት ዓመት ቢተኛም ባለቤቱ ከታወቀ መንገዱን ያገኛል፤ ስለዚህ አትቸኩይ፣ ገና ልጅ ነሽ። እመቤቴ ትከተልሽ።

ከጓደኞችሽም ጋር ቢሆን ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ከነድርሻው ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ፍቅር እያለ መጻፍ አያሳፍርም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብትሽን ያውቅልሻል፤ ፈርመሽ የሰጠሽውን ግን ማስመለስ ከባድ ነው።

ሌላም የምመክርሽ ብዙ ነበር፤ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ማታ ሥራው... ይቅር። በልተሽ እደሪ፤ ብርድ ላይ አትዝፈኚ። የሄድሽበት ይቅናሽ፣ የሚያይሽ ሁሉ ይውደድሽ።

ፕሮሞተሩ ሐሙስ የሚያመጣልሽን ውል ግን እዚያው አትፈርሚ። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሺና በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አነበዋለሁ።

አባትሽ

ባሕር ዳር