ቁልፉን የያዘው ቢሞትስ?

ካሜራ ከፍቶ ስብሰባ ለመግባት የሞከረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ዙም ላይ የካሜራውን ምልክት ሲነካ ጥቁር ሳጥን ይመጣል። ካሜራው በሌላ ፕሮግራም ተይዟል ይለዋል። ቅድም በቴሌግራም ሲያወራበት የነበረው መስኮት አልተዘጋም። ሰውየው ይናደዳል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል፣ ይሠራለታል። ነገሩም እዚያው ይረሳል።

ከዚያ መልእክት ጀርባ ያለው ጥያቄ ግን የሚረሳ አይደለም። አንድ ዕቃ አለ፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ማን ይያዘው? እስከ መቼ? የያዘው ሳይመልስ ቢሞትስ? የኮምፒውተር ሳይንስ ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲታገል ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥያቄው በአግባቡ ባለመመለሱም ሰው ሞቷል።

ከመነሻው እንጀምር። በኦፕሬቲንግ ሲስተም ውስጥ እያንዳንዱን ዕቃ፣ ካሜራውን፣ ፕሪንተሩን፣ ሞደሙን፣ የሚያስተዳድር «ድራይቨር» የሚባል ፕሮግራም አለ። ቃሉ በቁሙ ሲተረጎም ሾፌር ነው። ሥራው ግን ለሾፌር ብቻ ሳይሆን ለታክሲ ተራ አስከባሪም ይቀርባል። ዕቃውን ከማንቀሳቀስ በተጨማሪ «አንተ ግባ፣ አንተ ቆይ» ማለት አለበት። ይህን ካላለ ውጤቱ በዓይን ይታያል፦ ሁለት ፕሮግራሞች እኩል ወደ ፕሪንተር ቢጽፉ የአንዱ የደመወዝ ዝርዝር ከሌላው ደብዳቤ ጋር ተደበላልቆ ይወጣል።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል። ድራይቨሩ አንድ ምልክት ይይዛል፦ «ነፃ» ወይም «ተይዟል»። ፕሮግራም ሲመጣ ምልክቱን ያያል። ነፃ ከሆነ «ተይዟል» ብሎ ይቀይርና ያስገባዋል። ካልሆነ ይመልሰዋል። ሊኑክስ ላይ «ዕቃው ሥራ ላይ ነው» የሚለው የስህተት መልእክት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ችግሩ ያለው በማየትና በመያዝ መካከል ባለችው ቅጽበት ነው። ታክሲ ውስጥ አንድ ባዶ ወንበር አለ እንበል። ሁለት ሰዎች በሁለት በኩል ሆነው እኩል ያዩታል። ሁለቱም «ባዶ ነው» ይላሉ፣ ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም ግን ሊቀመጡ ሲሉ ይጋጫሉ። ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ በሚያካሂድ ኮምፒውተር ውስጥ ይህ ግጭት የሚፈጠረው ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ነው። ሺህ ጊዜ ተሞክሮ ላይታይ ይችላል፣ በሺህ አንደኛው ይመጣል።

ስለዚህ ማየትና መያዝ የማይነጣጠሉ አንድ እርምጃ መሆን አለባቸው። ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ በጥርት አስቀመጠው፦ ብዙ ሥራዎች እኩል ሲሮጡ፣ ወደ አንዱ አደገኛ ክፍል በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ እንዳይገባ እንዴት ይደረጋል? ዛሬ ያሉት ፕሮሰሰሮች አይቶ መያዝን በአንድ የማይቆረጥ ትእዛዝ ይፈጽማሉ። የድራይቨር ጸሐፊ ትእዛዙን መጠቀም ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ካልተጠቀመስ?

ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ ለዚህ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ድረስ በአሜሪካና በካናዳ 6 ታካሚዎች ከመጠን እጅግ ያለፈ ጨረር ተለቀቀባቸው። ቢያንስ 3ቱ በዚሁ ምክንያት ሞተዋል። ናንሲ ሌቨሰንና ክላርክ ተርነር እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ምርመራ እንደታየው፣ በመሣሪያው ሶፍትዌር ውስጥ እኩል የሚሮጡ ሥራዎች የጋራ መረጃ ይነካኩ ነበር፤ ማየትና መቀየርም የተነጣጠሉ እርምጃዎች ነበሩ። ቴክሳስ ውስጥ ባለሙያዋ የጨረሩን ዓይነት በስህተት ጽፋ ወዲያው አረመች። እጇ ፈጣን ነበር። ማግኔቶቹ እስኪስተካከሉ 8 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ እርማቱ በዚያ ውስጥ ሲገባ አንዱ የሶፍትዌሩ ክፍል አየው፣ ሌላው አላየውም። መሣሪያው ግማሹ በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ ትእዛዝ ተዘጋጀ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቆጨው ሌላ ነው። ተመሳሳይ ስህተት በቀድሞው ሞዴል በቴራክ-20 ውስጥም ነበር። ማንንም አልጎዳም። ምክንያቱም ያ ሞዴል ሶፍትዌሩ ቢሳሳትም ጨረሩን የሚቆርጥ ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ መከላከያ ነበረው። በአዲሱ ሞዴል ይህ መከላከያ ተነሥቶ ሥራው ለሶፍትዌር ብቻ ተሰጠ። ተራ አስከባሪው ሳይፈተን አጥሩ ፈረሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የያዘው ሲሞት ምን ይሆናል የሚለው ነው። በዩኒክስ ዓለም ለረጅም ጊዜ የኖረ ልማድ አለ፦ ሞደም የያዘ ፕሮግራም የራሱን መለያ ቁጥር የጻፈበት ትንሽ ፋይል አስቀምጦ ይገባል፣ ሲጨርስ ይሰርዛል። ፕሮግራሙ መሐል ላይ ከሞተ ግን ፋይሉ እዚያው ይቀራል። ሞደሙ ነፃ ነው፣ ምልክቱ ግን «ተይዟል» ይላል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ፕሮግራሞች ፋይሉን አይተው ብቻ የማይመለሱት፤ ቁጥሩን አንብበው ባለቤቱ በሕይወት መኖሩን ያጣራሉ። ከርነሉ ራሱ የሚያስተዳድረው ቁልፍ ከዚህ ይሻላል። ፕሮግራም ሲሞት ከርነሉ የከፈታቸውን ሁሉ ይዘጋበታል፤ ድራይቨሩም ዕቃው መመለሱን ያውቃል። ጥሩ ሥርዓት የሟችን ዕቃ ለመመለስ የሟችን ፈቃድ አይጠብቅም።

ሦስተኛው ደግሞ የማዕረግ ጉዳይ ነው። ማርስ ፓዝፋይንደር እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ አረፈች። ጥቂት ቆይታ ኮምፒውተሯ ደጋግሞ ራሱን እያጠፋ መነሣት ጀመረ። ምክንያቱ ቢሮ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው የአየር ሁኔታ ሥራ የአንድ የጋራ ነገር ቁልፍ ይዟል። የመረጃ መስመሩን የሚያስተዳድረው ከፍተኛ ሥራ ያንን ቁልፍ እየጠበቀ ቆሟል። በመሐል መካከለኛ ማዕረግ ያላቸው ሥራዎች ይመጡና ዝቅተኛውን «የእኛ ይቅደም» ብለው ያስቆሙታል። እንደ መዝገብ ቤት አስቡት፦ ትንሹ ሠራተኛ ቁልፉን ይዞ ተገፍቷል፣ ዋናው ኃላፊ በር ላይ ቆሟል፣ መካከለኞቹ እንደልባቸው ይሠራሉ። ተቆጣጣሪው ዋናው ሥራ በጊዜው እንዳላለቀ ሲያይ ሁሉንም አጥፍቶ ያስነሣል።

መሐንዲሶቹ ችግሩን ምድር ላይ ባለው ተመሳሳይ መሣሪያ ደግመው ፈጠሩት፤ መድኃኒቱንም ወደ ማርስ ላኩት። መድኃኒቱ ትንሹን መቅጣት አልነበረም። ቁልፉን እስኪመልስ ድረስ የሚጠብቀውን የኃላፊውን ማዕረግ ማዋስ ነበር። ይህ ዘዴ በሶፍትዌሩ ውስጥ አስቀድሞ ነበረ፤ ለዚያ ቁልፍ ግን ሳይበራ ቀርቶ ነበር። ምልክቱም ከማረፏ በፊት በሙከራ ላይ ታይቶ ነበር፤ ደግሞ አልመጣ ሲል፣ ትኩረቱ ሁሉ ማረፉ ላይ ስለነበር ታለፈ።

እንግዲህ ሁሉንም ዕቃ በጥብቅ ቆልፎ ለአንድ ብቻ መስጠት ነው መፍትሔው? አይደለም። ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚከፈት ድራይቨር ለጸሐፊው ይቀላል፣ ለተጠቃሚው ግን እሾህ ነው። አንዱ መስኮት መረጃ ሲልክ ሌላው የዕቃውን ሁኔታ ማየት ቢፈልግ በሩ ዝግ ነው። ደግሞም ቁልፉ እንደሚመስለው ጥብቅ አይደለም፤ ዕቃውን የከፈተ ፕሮግራም ልጅ ፕሮግራም ሲወልድ ልጁ የተከፈተውን በር ይወርሳል።

የተሻለው መንገድ በፕሪንተር ላይ የታየው ነው። ፕሪንተሩን የሚይዝ አንድ አገልጋይ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሥራቸውን ለእርሱ ሰጥተው ሰልፍ ይይዛሉ። ድምፅም በዚሁ መንገድ ሄደ፦ ዱሮ ሊኑክስ ላይ አንዱ ፕሮግራም ሙዚቃ ሲያጫውት ሌላው ብዙ ጊዜ ድምፅ ያጣ ነበር፤ ዛሬ አንድ አገልጋይ የሁሉንም ድምፅ ቀላቅሎ ያወጣል። ዕቃው አሁንም በአንድ እጅ ነው። ልዩነቱ፣ የያዘው እጅ የያዘው ለሌሎች መሆኑ ነው። እርግጥ አገልጋዩ ከቆመ ሁሉም ይቆማል፤ ስለዚህ እርሱንም የሚቀሰቅስ ያስፈልጋል።

ለሆስፒታል፣ ለባንክ ወይም ለመብራት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚገዙ ሰዎች ፕሮግራመር መሆን አይጠበቅባቸውም። ስለ ፍጥነትና ስለ መልኩ ከመጠየቃቸው በፊት ግን ሻጩን አራት ነገር ሊጠይቁት ይገባል። ሁለት ሰው እኩል ቢነካው ማን ይገባል? የያዘው ቢሞት ማን ያስመልሳል? ትንሹ ይዞት ትልቁ ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ሶፍትዌሩ ሲሳሳትስ ከኋላው የቆመ አጥር አለ? «እስካሁን አልደረሰም» የሚል መልስ መልስ አይደለም። ቴራክ-25ም እስኪደርስ ድረስ አልደረሰም ነበር።