ከበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ

ስለ አንድ አገር መሪ ወሬ በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው መሪው ማን እንደ ሆነና ምን እንደ ሠራ ነው። ከመሪው በር አጠገብ ጠረጴዛውን አስቀምጦ ስለሚውለው ሰው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ እርሱን አጥብቆ የሚያውቀው ደጅ ጠኚ ብቻ ነው። እኛ የመንግሥትን ሥራ የጀመርነው እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ ስለ ሆነ፥ የታላላቅ መንግሥታትን ታሪክ ባነበብን ቍጥር ዐይናችን ከወንበሩ ይልቅ ወደ በሩ ያዘነብላል።

የቀድሞው የአገራችን ቤተ መንግሥት ለዚህ ሹመት ያወጣለት ስም እውነቱን የሚሸሽግ አልነበረም፤ እልፍኝ አስከልካይ ይባል ነበር። አስገቢ አላሉትም፤ አስከልካይ አሉት። ንጉሥ በሌለበት፥ ሕዝብ በመረጠው ፕሬዚዳንት በሚተዳደር አገር ይህን የመሰለ ሹመት የሚቀር ይመስለን ነበር። ስለ አሜሪካ ስናነብ ግን ስሙ ብቻ ተለውጦ አገኘነው። (ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሲናገር በዙሪያው ስለሚቀመጡት ጸሐፊዎች አንድም ቃል አይናገርም። ምክር ቤቱ ለአንድ የግል ጸሐፊ የሚሆን ደመወዝ የፈቀደው እንኳ በ1857 ነው፤ ከዚያ በፊት ፕሬዚዳንቱ ጸሐፊውን ከገዛ ኪሱ ይከፍለው፥ አለዚያም የወንድሙን ወይም የእኅቱን ልጅ ያስቀምጠው ነበር። አብርሃም ሊንከን በ1861 ሥራውን ሲጀምር ያገለግሉት የነበሩት ጆን ኒኮላይና ጆን ሄይ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ለሁለተኛው በጀት ስላልነበረው ስሙ በሌላ መሥሪያ ቤት መዝገብ ተጽፎ ደመወዙን ከዚያ ይቀበል ነበር። (ይህ ዘዴ በእኛም ዘንድ ያልታወቀ አይደለም።) እነዚህ ወጣቶች የባለጉዳዩን ብዛት ለመግታት ደንብ ቢያወጡም ደንቡን አስቀድሞ የሚያፈርሰው ራሱ ሊንከን ነበር፤ ሹመት የሚለምነውንም፥ ለልጇ ምሕረት የምትጠይቀውንም እናት በገዛ ጆሮው መስማት ይወድ ነበርና።

በሩ ፈጽሞ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የሚያሳየን ግን የውድሮ ዊልሰን ታሪክ ነው። ዊልሰን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር እንዲቋቋም የደከመ ሰው ነው። አገሩ ማኅበርተኛ እንድትሆን ሕዝቡን ለማሳመን በ1919 በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር ድካም ጣለው፤ ጥቅምት 2 ቀን ደግሞ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ መኝታ ቤቱ የሚገባውንና የማይገባውን የሚወስኑት ባለቤቱ ወይዘሮ ኢዲት ሆኑ። ሚኒስትሮቹ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ወይዘሮዋ ይቀበላሉ፤ አንዳንዱ ወረቀት በኅዳጉ ላይ በእርሳቸው እጅ ጽሕፈት ፕሬዚዳንቱ እንዲህ ይላሉ የሚል ቃል ተጽፎበት ይመለሳል፤ አንዳንዱ እንደ ገባ ይቀራል። ከእንግሊዝ አገር ለዚሁ ጉዳይ ተልከው የመጡት ሎርድ ግሬይ ወራት ተቀምጠው ፕሬዚዳንቱን ሳያዩ ተመለሱ። የቀድሞው የልብ አማካሪው ኮሎኔል ሀውስ ከሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ጋራ በጥቂት ነገር እንዲስማማ የሚመክር ደብዳቤ ቢጽፍ መልስ አላገኘም። ፕሬዚዳንቱ በታመመ ጊዜ ሚኒስትሮችን ሰብስቦ ያነጋገረው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ላንሲንግም በየካቲት 1920 ሥራውን እንዲለቅ ተደረገ። ውሉ በኅዳር 1919፥ ኋላም በመጋቢት 1920 ለድምፅ ቀርቦ ወደቀ፤ አሜሪካም ከማኅበሩ ውጭ ቀረች።

ወይዘሮዋ ኋላ ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ስለ መንግሥት ጉዳይ አንድም ነገር በራሳቸው እንዳልወሰኑ ይናገራሉ። የወሰኑት ዋናው ጉዳይ የትኛው እንደ ሆነና መቼ ለባላቸው መቅረብ እንዳለበት ብቻ ነበር። ይህን «ብቻ» የሚለውን ነገር ባሰብን ጊዜ ሁሉ ይገርመናል። ሊቀርብ የሚገባውንና የሚቀርብበትን ቀን ከመወሰን ሌላ ምን ዐይነት ሥልጣን ይቀራል? ሆኖም ክፉ ሴት አልነበሩም፤ የታመመ ባላቸውን ከድካም ለማዳን ያደረጉት ነው።

ኢትዮጵያ ወደዚያ ማኅበር የገባችው በ1923 ነው። በ1936 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ቆመው ሲናገሩ አሜሪካ በጉባኤው ወንበር አልነበራትም። ያ ደብዳቤ መልስ ቢያገኝ ኖሮ የአገራችን ዕድል ይለወጥ ነበር ብለን ለመናገር አንደፍርም፤ ዊልሰን በጤናውም ጊዜ ግትር ነበር። ነገር ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ የዚያን የመኝታ ቤት በር ታሪክ እንደ ባዕድ ነገር አድርጎ ሊያነብበው አይችልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በ1937 ሊቃውንት ተሰብስበው ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የመከሩት፤ ሥራው ከአንድ ሰው ዐቅም በላይ ሆኗልና ስድስት ረዳቶች ይሾሙለት፥ ረዳቶቹም በራሳቸው ትእዛዝ የማይሰጡ፥ ስማቸው እንዳይነሣ የሚወዱ ሰዎች ይሁኑ አሉ። በ1939 የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት በሕግ ተደራጀ። ዛሬ በዚያ ቤት የሚሠሩት በመቶ ይቈጠራሉ። ሚኒስትር ለመሾም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፈቃድ ሲያስፈልግ፥ ሚኒስትሩን በር ላይ የሚያስቆመው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ግን ያለ ማንም ጥያቄ በፕሬዚዳንቱ ቃል ብቻ ይሾማል።

ስሙ እንዳይነሣ የሚወድ ሰው ማግኘት ደግሞ ቀላል አልሆነም። የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሸርማን አዳምስ የስሙን መጀመሪያ ፊደላት ያላሰፈረበት ወረቀት ለፕሬዚዳንቱ አይቀርብም ይባል ነበር፤ በእምቢ ባይነቱም የታወቀ ነበር። ይህ ብርቱ ሰው በ1958 ከሥራው የወጣው ከአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት በተቀበለው ካፖርትና በመሳሰለው ስጦታ ምክንያት ነው። እጅ መንሻ የምንለውን ነገር ያን ያህል ርቆ ማግኘታችን አስቆናል።

በሩን አልፎ የገባ ሁሉ ደግሞ ይናገራል ማለት አይደለም። በሚያዝያ 1961 ኩባን ይወራሉ የተባሉ 1,400 ያህል ስደተኞች ሲላኩ የኬኔዲ አማካሪ የነበረው የታሪክ ሊቅ አርተር ሽሌሲንጀር አሳቡን እንደማይደግፍ አስቀድሞ በጽሑፍ ገልጦ ነበር። በጉባኤው መካከል ግን ዝም አለ። ዘመቻው በሦስት ቀን ውስጥ ፈረሰ፤ እርሱም ስለ ዝምታው መጸጸቱን በ1965 ባወጣው መጽሐፍ ገለጠ። ኬኔዲ በ1962 የሚሳይሉ ጭንቅ በመጣ ጊዜ አማካሪዎቹ እንደ ልባቸው እንዲከራከሩ ከአንዳንዱ ጉባኤ ራሱ ይቀር ነበር። ትልቅ ሰው ባለበት ጉባኤ የተቀመጠ ሁሉ ይህ ብልኀት ስለ ምን እንዳስፈለገ ይገባዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ጠረጴዛ እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ኃላፊ በር አጠገብ እንሠራ ነበር። በጡረታ የተገለሉ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ሳይቈጠርላቸው የቀረ የአራት ዓመት አገልግሎት እንዲታሰብላቸው ማመልከቻ አቀረቡ። ማስረጃቸው ያረጀ፥ ማኅተሙም የደበዘዘ ነበር። ኃላፊው ይህን አይተው እንዳይበሳጩ፥ እኛንም ጥያቄ እንዳያበዙብን ብለን፥ ማመልከቻውን ከሌሎች ወረቀቶች ሥር አደረግነው።

«ጌታው፥ ወረቀቴን አዩልኝ ይሆን?» ይሉ ነበር ሽማግሌው፥ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው።

«አባባ፥ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ በሚመጣው ሳምንት ብቅ ይበሉ» እንላቸዋለን። በመጀመሪያው ቀን እውነት ነበር፤ በሦስተኛው አልነበረም። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻ ወረቀቱ ከሌሎች ጋራ ተደባልቆ ገባ። ኃላፊው አንብበው ለመፈረም አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም፤ ማኅተሙንም አልጠየቁም። ቀኑን አይተው ግን «ይህ ማመልከቻ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉን።

«ከመዝገብ ቤት የደረሰን አሁን ነው» አልን።

ሽማግሌው ዓመቶቻቸው ተቈጠሩላቸው፤ ወደ ጠረጴዛችን መጥተው በሁለት እጃቸው ጨብጠውን መርቀውን ሄዱ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ደብዳቤውን ያረቀቅነው እኛ ነን፤ ይህም የጠረጴዛው ሥራ ነበርና። መጥታ አነበበችው፥ በግልባጩ ላይ ፈርማ ተቀበለች፥ ምንም ሳትናገር ወጣች። ዛሬም በዚያው መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ በመተላለፊያው ስንገናኝ እርስዋ ቀድማ ሰላም ትለናለች።